ሁለት ችካል

ካዲዝ፣ ከወደቡ ጀርባ፣ የገመድ መጋዘን ነበረ፤
ገመዱ ሄደ፣ ሽታው ግን በግንቡ ሰርጾ ቀረ።
ቅዳሜ ሲመሽ ወንበሩን ከግድግዳው አስጠጋለሁ፣
እግር እንዲያዳልጥ ወለሉን በሻማ እሻለሁ።
ዲዮስዳዶ ይገባል፤ ባርኔጣው እርጥብ፣ ኮቱ የሟች ወንድሙ፣
ከደረት ኪሱ ሁለት እንጨት ያወጣል፣ በላብ የጠቆረ ቀለሙ።
አንዱን በጎደጎደ መዳፉ እንደ ጫጩት ያስተኛል፣
በሌላው ይነካዋል፦

ቋ — ቋ — ቋ

ቋ ቋ

ሦስት፣ ከዚያ ሁለት። ቤቱን የተሸከመው ይኸው ነው፤
ፒያኖው ጣሪያ ነው፣ መለከቱ መስኮት፣ ይህ ግን ምሰሶው።

«ዘፈን እንዳይመስልህ» ይላል፣ «የአናጢ ሥራ ነው።
ሃቫና ላይ መርከብ ሲገጥሙ፣ ሳንቃ ከሳንቃ የሚጋባው
በእንጨት ችካል ነበር፤ ምስማርማ ጨው ይበላዋል፣
ችካል ግን ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲያብጥ ይጠብቃል።
ሁለት ትርፍ ችካል አንድ ወዛደር ከመሬት አነሣ፣
አጋጨው፤ ደገመው፤ የምሳ ሰዓቱን በዚያው ረሳ።
አያቴ እንዲህ ነው የነገረኝ።
አያቴ ግን ውሸት ይወድ ነበር።»

ኤልፒዲያ ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ነው፣ አንድ ጉልበቷ የብረት፤
ዳንሶን ሲጀመር ማራገቢያዋን ዘርግታ ትቆማለች እንደ ሐውልት።
ሕግ አለው ዳንሶን፤ ዜማው መግቢያውን በደገመ ቁጥር
ጭፈራ የለም። ታራግባለህ፣ ታወራለህ፣ ታያለህ የሰው ጫማ ጥር፤
መግቢያው ሊያልቅ ሲል ነው የሴቲቱን ወገብ የምትይዘው።
«ወጣቶቹን የሚያቅታቸው መዞሩ አይደለም» ትላለች፣ «መቆሙ ነው።»

ከየት መጣ? አልኳት።
«ከእናንተው አገር!» አለችኝ፤ አውሮፓን ማለቷ ነው፣ እኔን ጨምራ።
(ደሴቷን በአሥር ዓመቴ አውቃታለሁ፣ ትርንጎ እየለቀምኩ ከተማሪ ጋራ፤
አልነገርኳትም።)
«የእንግሊዝ ገበሬ ጭቃ ላይ ፊት ለፊት ተሰልፎ ጨፈረው፣
ፈረንሳይ ከጭቃው አነሣው፣ ዱቄት ነስንሶ ሰው ሠራሽ ጠጉር ደፋበት፣ አከበረው፤
ጌቶች በመርከብ ጫኑት ወደ ሸንኮራው ደሴት።
እዚያ ቫዮሊኑን የያዘው ማን ነበር? ባሪያው!
ቀስቱ እንደታዘዘ ይሄዳል፤ ክርኑ ግን የራሱን ያስባል፣
በአራቱ ምት መሐል አምስተኛ ይደብቃል፦
ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም፤
እንደሚያነክስ ሰው። ግን አያነክስም።
ሄይቲ ስትነድ፣ ጌቶች ማንኪያቸውን ሸጉጠው ሳንቲያጎ ገቡ፤
ማንኪያውን ፈታሾች አገኙት፣ ቆጠሩት፣ መዘገቡ፤
አምስቱን ምት ግን ማንም ኬላ አልቀረጠውም።»

እና አሁን ወደ ቤቱ ተመለሰ፣ አልኩ።
«ማን ተመለሰ? የሄደውማ ሞቷል።
ይህ ልጁ ነው፤ በአፍንጫው እንኳ አባቱን አይመስልም፣ ቤቱንም ይጠይቃል።»

ኅዳር ላይ ሌቫንቴ የሚሉት ደረቅ ነፋስ ሳምንት ነፈሰ።
ቅዳሜ፣ በሦስተኛው ምት ላይ፣ አንዱ እንጨት ተሰነጠቀ።
ዲዮስዳዶ ምንም አላለ። ወደ ኪሱ መለሰው።
የመጥረጊያ እጀታ ቆርጠን ሞከርን፤
ጧ አለ፣ እንደ ሐሰት ምስክር።

ሰኞ አሮጌ መርከብ ወደሚፈታበት ግቢ ሄድኩ።
ፌርሚን አንድ የዓሣ ጀልባ ያፈርሳል፣ ጎድኗ ወጥቶ፣
በመዶሻ ችካል አስወጣልኝ፣ ጥቁር፣ ጨው ጠጥቶ ጠጥቶ።
ስንት ነው? «ለሚስቴ ከመስኮቱ ሥር ወንበር ያዝላት» አለኝ።
ሦስት ሌሊት ሞረድኩት። ለካ ጨው እንደ ላብ ይወጣል።

ቅዳሜ፣ አሮጌውን አስተኝቶ በአዲሱ ነካው።
ድምፁ ወፈረ። ቀጥ አለ ሰው።
ደግሞ ነካው።
«አሁን ወንዱ መጣ» አለች ኤልፒዲያ፣ «የተኛችው ሴቷ ናት፤
የምትመታ ትመስላለች፣ የምትዘፍነው ግን እሷ ናት።»

መግቢያው ተደገመ፤ ሁላችንም ቆምን፣ ማራገቢያው ብቻ ይርገበገባል።
በሦስቱና በሁለቱ መካከል፣ ያ ባዶ ቦታ ላይ፣
ሳንቃ ሲያቃስት የሰማሁ መሰለኝ፣ መርከብ ከወደብ ሲለይ፤
ወይም የኤልፒዲያ ጉልበት ነው።